ዕቃ መጎተቻ ስሌድ በቤት ስለመሥራት፦ ገንዳውን ትተን ስለ ሞፈሩ እናውራ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ሚኒያፖሊስ ይኖራል። በፌብሩዋሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከኢሊ ከተማ በስተሰሜን፣ ባውንደሪ ዋተርስ በሚባለው የሐይቅና የጫካ አገር ውስጥ ሦስት ሌሊት ሊያድር አስቧል። የሸራ ድንኳንና ትንሽ የእንጨት ምድጃ ተውሰዋል። ዕቃው ለጀርባ ስለከበደ የልጆች ስሌድ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት የፕላስቲክ ገንዳ፣ በ20 ዶላር ገዛ፣ ገመድ አሰረበት፣ ሰፈሩ ካለው መናፈሻ ወስዶ ሞከረው። ሜዳው ላይ ደህና ሄደለት። ቁልቁለት ላይ ግን ስሌዱ ከኋላ መጥቶ ቁርጭምጭሚቱን መታው፤ ከዚያም ተገለበጠ። «ተሠርቶ የሚሸጠው ብዙ መቶ ዶላር ነው። በቤቴ ልሥራ ብል ከምን ልጀምር? የትኛው ፕላስቲክ ይሻላል? ስንት ኪሎስ ልጫንበት?» ይላል።

ወንድሜ፣ በቤትህ ሥራው። ትችላለህ። እኔ በብርዱ ወራት ሰው እየመራሁ ሰሜን ሚኒሶታ ጫካ መግባት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። እስከ ዛሬ 11 ስሌድ በእጄ ሠርቻለሁ። የማንኛቸውም ወጪ ከ100 ዶላር ብዙ አላለፈም።

ግን ጥያቄህን ትንሽ ላዙረው። አንተ የጠየቅከኝ ስለ ገንዳው ነው፤ ዕቃው ስለሚቀመጥበት ፕላስቲክ። እግርህን ያስመታህ ግን ገመዱ ነው። ገመድ መጎተት እንጂ መግፋት አይችልም። ስሌዱ ከአንተ ሲፈጥን ገመዱ ይረግባል። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ያንተ እግር ብቻ ነው።

አገር ቤት በሬ ተጠምዶ ሲያርስ አይተህ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባሃል። ቀንበሩ በሬዎቹ ጫንቃ ላይ ነው። ማረሻው ከኋላ ነው። በመካከል ያለው ሞፈሩ ነው፤ ረጅምና ጠንካራ እንጨት። ገበሬው ሞፈሩን በገመድ ቢተካው ማረሻው እንደፈለገ ይወላገድበት ነበር። ሞፈር ይጎትታል፣ አቅጣጫ ይይዛል፣ ርቀት ይጠብቃል። ላንተም ስሌድ የጎደለው ሞፈር ነው። ከገንዘብህም ከጊዜህም አብዛኛውን እዚያ ላይ አውለው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ አንድ ቃል እንስማማ። በአማርኛ «በረዶ» ስንል የሚወርደውንም፣ የረጋውንም ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ግን ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በረዶ ስል ከሰማይ የሚወርደውን ለስላሳውን ማለቴ ነው። ሐይቁ ላይ የጠጠረውን ግግር እለዋለሁ።

ገንዳውን ቶሎ እንጨርሰው። ርዝመቱ ከ1 ሜትር ከ40 እስከ 1 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። ወርዱን ያለ ምክንያት አልመረጥኩም። በበረዶ ጫማ፣ እንዳትሰምጥ ከእግርህ ሥር በምታስረው ሰፊ መርገጫ፣ ስትሄድ የምትከፍተው ዱካ ከዚያ ብዙም አይሰፋም። ስሌዱ ከዱካህ ከሰፋ ጎንና ጎኑ ያልተረገጠ በረዶ ላይ ይወጣል። ያኔ በየእርምጃው አዲስ መንገድ በስሌድህ እየከፈትክ ነው። ግግር ላይ ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች የሚሸጡት ጥቁር ጥልቅ ስሌዶች ርካሽና ጠንካራ ናቸው። ከእነሱ ጠባቡን መጠን ውሰድ።

ፕላስቲኩን ለማወቅ ገልብጠህ እየው። ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ይኖረዋል። 2 ከሆነ ጥቅጥቅ ያለው ፖሊኤቲሊን ነው። ይህ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። እሱ ሳሎን ውስጥ ጠንካራ ይመስላል። ከዜሮ ትንሽ ወረድ ሲል ግን መድረቅ ይጀምራል፤ ድንጋይ ሲነካው እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። የገዛኸው የልጆች ስሌድ 2 ካለበት ለልምምድ አቆየው። ስስ ስለሆነ ለሦስት ሌሊት ጭነት አላምነውም።

ብርዱን አጋንኜ እንዳይመስልህ። ከኢሊ ብዙም በማትርቀው በታወር ከተማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። የሚኒሶታ ክብረ ወሰን እሱ ነው። እናንተ የምትሄዱት በዚያው ወር፣ በዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ስሌዱ ላይ የምታስረውን እያንዳንዱን ነገር «በከባድ ብርድ ምን ይሆናል?» ብለህ ጠይቅ።

ገንዳውን በብርድ ጋራዥ ውስጥ አትብሳው። ቤት አስገባውና ሌሊቱን ሞቆ ይደር። ትራፓኖውን በዝግታ አዙር። የቀዳዳው ጠርዝ ለስላሳ ይሁን፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሻካራ ጠርዝ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ከፊት ሁለት ቀዳዳ ብቻ በስቶ መጎተቻውን ዘንግ፣ ማለትም ሞፈሩን፣ እዚያ ያስራል። ያኔ ሙሉው ጭነት የተንጠለጠለው በሁለት ጣት ስፋት ፕላስቲክ ላይ ነው። ይቀደዳል። አንተ የገንዳውን ከንፈር ዙሪያውን በየ20 ሴንቲሜትሩ ብሳውና 6 ሚሊሜትር ገመድ እንደ ስፌት ወጣ ገባ እያደረግህ ዙረው። ከፊት ስትስበው ጭነቱ ከኋላም ከጎንም አብሮ ይሳባል። ይኸው ገመድ በኋላ ለጭነቱ ማሰሪያም ይሆንሃል። ገመዱ ፖሊስተር ይሁን። ናይለን ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝ እንደ ሽቦ ይገተራል፣ ቋጠሮውም አልፈታ ይላል።

አሁን ወደ ሞፈሩ።

ሁለት ዘንግ ያስፈልግሃል። እያንዳንዱ ከ1 ሜትር ከ80 እስከ 2 ሜትር ይርዘም። ካጠረ የበረዶ ጫማህ ተረከዝ ገንዳውን እየመታ ያደናቅፍሃል። ከዚህ ከረዘመ ደግሞ በዛፎች መካከል ስትታጠፍ ስሌዱን ማዞር ያስቸግርሃል።

የመጀመሪያ ስሌዴን ዘንግ የሠራሁት ከነጩ የውሃ ቱቦ ነበር፤ ፒቪሲ ከሚባለው። ርካሽ ነው። በእጅ መጋዝ ይቆረጣል። ብዙ ሰውም ይመክረዋል። ሁለት ቀን በደንብ ሠራልኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የምታሻግር አጭር አቀበት ላይ ስሌዱ ጉቶ ያዘው። ዞር ብዬ ስስበው ቷ አለ። ዘንጉ ሦስት ቦታ ተሰበረ፤ ስባሪው እንደ ጠርሙስ ስለት ነበረው። ፒቪሲ ሲቀዘቅዝ እንዲያ ነው የሚሆነው። የቀረኝን 9 ኪሎ ሜትር በባዶ ገመድ ጎተትኩ። በየቁልቁለቱ አንተን የመታህ ነገር እኔንም መታኝ። ወደ መኪናዬ የደረስኩት ጨልሞ ነው። ስለ ዘንግ በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት በዚያ ምሽት ነው።

ዛሬ የምጠቀመው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፤ የግማሽ ኢንች የሚባለውን። የግንባታ ዕቃ መደብር በ10 ጫማ ርዝመት ይሸጡታል። 2 ሜትሩ አንድ ኪሎ አይሞላም። በብርድ አይሰበርም። ቢበዛ ይጎብጣል፤ የጎበጠውን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ታቃናዋለህ። የፋይበርግላስ ቱቦ ካገኘህ የበለጠ ይቀላል፣ እንደ ቀስት ታጥፎ ይመለሳል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እሱን ስትቆርጥ አፍና አፍንጫህን በማስክ ሸፍን፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ዋናው ነገር ያለው ግን ቱቦው ውስጥ ነው። በመሃሉ ገመድ አሳልፍ። የገመዱን አንድ ጫፍ ከገንዳው የዙሪያ ገመድ ጋር እሰር። ሌላውን ጫፍ ወገብህ ላይ በምታስረው መታጠቂያ ላይ ካለው ካራቢነር፣ ከሚከፈትና ከሚዘጋው የብረት ቀለበት፣ ጋር አያይዝ። ወጥረህ ቋጥረው። ቱቦው በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል ተይዞ ይቀራል። አሁን ሥራው ተከፋፈለ። ወደፊት ስትሄድ የሚጎትተው ገመዱ ነው። ቁልቁለት ላይ ስሌዱ ሲመጣብህ ርቀቱን የሚጠብቀው ቱቦው ነው። ቱቦው አንድ ነገር ቢሆን እንኳ ገመዱ ስላለ ስሌድህን ይዘህ ትመለሳለህ። እኔ ያን ቀን ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ የተሰበረውን ቱቦ በቅርንጫፍና በፕላስተር ጠግኜ እቀጥል ነበር። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፦ የተቆረጠ ቱቦ ጫፍ ገመድ ይበላል። በሞረድ አለስልሰው፣ ከዚያ ወፍራም ፕላስተር ጠቅልልበት።

ዘንጉን ከገንዳው ጋር በብሎንና በዳዶ ግጥም አድርገህ አትሰረው። መጋጠሚያው ይወዛወዝ። በሬው ላይም ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር የሚያያዘው በምራን ነው፤ በቆዳ ጠፍር። በሚስማር ቢመታ በመጀመሪያው ድንጋይ ይሰነጠቅ ነበር። ኖርዌጂያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1888 ግሪንላንድን በስኪ ሲያቋርጥ የያዛቸው ስሌዶችም መጋጠሚያቸው በሚስማር አልተመታም፤ በማሰሪያ የተጠፈረ ነበር። ስሌዱ ጉብታ ላይ ሲወጣ መላ አካሉ ይተጣጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። የእኛ ገበሬና የኖርዌዩ ተጓዥ ሳይተዋወቁ አንድ መልስ ላይ መድረሳቸው ሁሌም ይገርመኛል።

ሁለቱን ዘንጎች በመካከል አጣምራቸው። ከገንዳው ቀኝ የሚነሳው ወደ ግራ ዳሌህ፣ ከግራ የሚነሳው ወደ ቀኝ ዳሌህ ይምጣ። የሚሻገሩበትን ቦታ በቀለበት ወይም በገመድ ላላ አድርገህ ያዝ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሄዱ ስትታጠፍ ስሌዱ ጥጉን ቆርጦ ዛፍ ውስጥ ይገባል። ሲሻገሩ ግን አፍንጫው መጀመሪያ በትንሹ ወደ ውጭ ዞር ይልና ዱካህን ተከትሎ ይመጣል። ይህን ሰው ሲነግረኝ አላመንኩም ነበር። በመናፈሻው አምስት ደቂቃ ሁለቱንም ሞክርና ራስህ ፍረድ።

መታጠቂያው። አሮጌ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ካለህ የወገቡን ሰፊ ቀበቶ ፍታና ውሰድ። የቁጠባ መደብሮች ውስጥ እንዲህ ያለ ቦርሳ በ15 ዶላር ይገኛል። ስበቱ የዳሌ አጥንትህ ላይ ይረፍ። ሆድ ላይ ከሆነ ይጨንቃል፤ ደረት ላይ ከሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል። ወደ ታች እንዳይንሸራተት ቀላል የትከሻ ማንጠልጠያ ስፋበት። የካራቢነሮቹን ማያያዣ ከዳሌህ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው።

ስለ መታጠቂያው ከሁሉ አስበልጬ የማሳስብህ ዘለበቱን ነው። ትልቅ ይሁን። ከፊት ይሁን። ወፍራም ጓንት እንዳጠለቅህ፣ ሳታይ፣ በአንድ እጅ ፈትተህ መውጣት መቻል አለብህ። ግግሩ ቢከዳህና ውሃ ውስጥ ብትገባ 40 ኪሎ ታጥቀህ መዋኘት አትችልም። ቤትህ ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ አሥር ጊዜ ፍታው። ጓደኞችህም ይፍቱ። በዚህ ነገር ላይ እኔ አልለሳለስም። ይህን ያልተለማመደ ሰው ይዤ ሐይቅ ላይ አልወጣም።

ስለ ግግሩ ካነሳሁ ልጨርሰው። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲሜትር፣ ጥርት ያለ አዲስ ግግር ያስፈልጋል ይላል። ነጣ ያለው፣ በረዶ የተቀላቀለበት ግግር ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው፤ ስለዚህ ውፍረቱ እጥፍ ይሁን። በፌብሩዋሪ እዚያ ያለው ግግር ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ይወፍራል። ነገር ግን ወንዝ ወደ ሐይቅ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ሁለት ሐይቅ የሚገናኝበት ጠባብ አንገት ሁሌም ስስ ሊሆን ይችላል። ግግሩን የምትፈትሽበትን ብረትና አንገት ላይ የሚንጠለጠሉትን፣ ውሃ ውስጥ ብትገባ ግግሩን ወግተህ የምትወጣባቸውን ሁለት የእጅ ሾሎች ስሌዱ ላይ አትጫን። ብረቱ እጅህ ላይ፣ ሾሎቹ አንገትህ ላይ ይሁኑ።

ከሥር የብረት መንሸራተቻ ወይም ስኪ ልግጠም ወይ ትል ይሆናል። አትግጠም። በጫካ ውስጥ ያለው በረዶ ለስላሳና ጥልቅ ነው፤ ቀጭን እግር ይሰምጥበታል። የሰሜን ስካንዲኔቪያው የሳሚ ሕዝብ በአጋዘን ያስጎትተው የነበረው ስሌድ እንደ ጀልባ ሆዱ ድፍን ነው፤ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይህን ዓይነቱን ፑልክ የሚሉት ከዚያ ነው። በሰሜን አሜሪካ ጫካ የኖሩት ቀደምት ሕዝቦችም ቶቦጋን የሚባለውን ሲሠሩ ስስ ጣውላ ጠፍጣፋ አድርገው ፊቱን ወደ ላይ ቆለመሙት። ያንተም ገንዳ ሆዱ ለስላሳ ሆኖ ይቅር። ወደ ጎን ባዘነበለ ቦታ የሚንሸራተትብህ ከሆነ ከሥሩ ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ 20 ሴንቲሜትር የምትሆን ቀጭን የአሉሚኒየም ማዕዘን ትገጠማለች። ግን መጀመሪያ ያለ እሷ ሂድ። መንገዳችሁ አብዛኛው ሐይቅ ነው። ከሥር የወጣ ነገር ሁሉ ደግሞ ርጥብ በረዶ ይይዛል።

ርጥብ በረዶ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርህ። ሐይቁ ላይ የወረደው በረዶ በክብደቱ ግግሩን ወደ ታች ይጫነዋል። በስንጥቁ ውሃ ይወጣና ከበረዶው ሥር ይተኛል። በረዶው ብርድ ልብስ ስለሆነለት አይጠጥርም። ከላይ ነጭ ሜዳ ነው የምታየው። ስሌዱ ሲያልፍበት ሆዱ ይርሳል፤ ከውሃው ወጥቶ ብርድ ሲነካው ወዲያው ይጠጥርበታል። በአንድ ጊዜ ስሌድህ የሲሚንቶ ያህል ይከብዳል። ሰው ደክሞኝ ነው ብሎ ይጎትታል። አትጎትት። ቁም፣ ስሌዱን በጎኑ አዙረው፣ ፋቀው። ለዚህ የፕላስቲክ መፋቂያ ከላይ በቀላሉ የሚወጣበት ቦታ ይኑረው። ከጉዞው በፊት ሆዱን ደረቅ አድርገህ በሻማ ሰም ብታሸው ይረዳል።

ስንት ኪሎ ላልከው፣ ሜዳ ሐይቅ ላይ ጤነኛ ሰው 45 ኪሎ ቀኑን ሙሉ ሊጎትት ይችላል። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናስመዝናቸው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች ማለት ነው። ነገር ግን እናንተ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የምትሻገሩባቸው የጫካ መንገዶች አሉ። እዚያ አቀበት አለ። በአምስት ሜትር አንድ ሜትር በሚወጣ አቀበት ላይ፣ በረዶው ከሚጎትትህ ሌላ፣ 45 ኪሎው ራሱ 9 ኪሎ ያህል ወደ ኋላ ይስብሃል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ከ30 እስከ 35 ኪሎ ላይ አቁም።

ሻንጣ የምንመዝንባት ትንሽ የእጅ ሚዛን ቤትህ አለች አይደል? እሷን ስሌዱ ላይ አንጠልጥለህ በሜዳ ጎትት። የምታሳየው ቁጥር ዳሌህ የሚሸከመው ስበት ነው። በለሰለሰ ቀንና በከባድ ብርድ ቀን አወዳድረው። ልዩነቱ ያስደነግጥሃል። ስሌድ የሚንሸራተተው ፍትጊያው ከበረዶው ላይ እጅግ ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚፈጥር ነው። ከዜሮ በታች 30 ሲደርስ ያ ሽፋን አይፈጠርም ማለት ይቻላል። በረዶው አሸዋ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1911 ከእንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት የደቡብ ዋልታ ጉዞ የተነጠሉ ሦስት ሰዎች በአንታርክቲክ ጨለማ ወቅት ወደ ኬፕ ክሮዚየር ሲሄዱ ሁለቱን ስሌዶቻቸውን አንድ ላይ መጎተት አቅቷቸው ነበር። አንዱን ወስደው፣ ተመልሰው፣ ሌላውን ያመጣሉ። አንድ ማይል ለመቅደም ሦስት ማይል ይራመዳሉ። ስለዚህ የቀን ርቀታችሁን ስታቅዱ በጣም ብርድ ለሆነ ቀን ግማሹን ብቻ ያዙ።

አንድ ትልቅ ስሌድ ለሦስት ሰው አትሥራ። ሦስት ሥራ። ድንኳኑ አንዱ ላይ፣ ምድጃውና ምግቡ ሌላው ላይ ይሁን። የቀለለውን ከፊት መንገድ የሚከፍተው ሰው ይጎትት፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተቀያየሩ። «ስኖውሞቢል ተከራይተን ዕቃውን እናድርስ» የሚል ጓደኛ ካለህ፣ እዚያ ይህ የበረዶ ሞተር ከጥቂት መስመር በቀር አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ ነው ቦታውን ጸጥ ያለ ያደረገው። በብርዱ ወቅት መግቢያ ፈቃዱን ራስህ ሞልተህ ትይዛለህ፤ በአንድ ቡድን ከ9 ሰው በላይ አይፈቀድም።

አጫጫኑ ላይ ከባዱ ነገር ከታች፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። አፍንጫው ቀለል ካለ በረዶው ላይ ይወጣል፤ ከከበደ እንደ ማረሻ ይገባል። ግራና ቀኙ እኩል ይመዝን። ምድጃውን ጠዋት ሳይቀዘቅዝ አትጫነው፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ገንዳው ውስጥ መጀመሪያ ሰፊ ሸራ አንጥፍ፣ ዕቃውን ደርድር፣ ከዚያ ሸራውን ከሁለቱም ጎን አምጥተህ ሕፃን እንደሚጠቀለል ጠቅልለው። በዙሪያው ገመድ ላይ እያሻገርህ ጠፍረው። ቢገለበጥ እንኳ አንድ ማንኪያ አይወድቅም። ጫፉ መንጠቆ ያለውን የላስቲክ ማሰሪያ ግን ተወው። በብርድ ላስቲኩ መለጠጥ ያቆማል፤ መንጠቆው ሲያመልጥ ዓይን ያጠፋል። ቴርሞሱና ወፍራሙ ጃኬት ከሁሉ በላይ ይሁኑ። ስትቆም መጀመሪያ የምትፈልገው እነሱን ነው።

ቁልቁለቱ በጣም ከቆመ ዘንጉ ብቻውን አይበቃም፤ ስሌዱ ራስህን ይገፋሃል። ወፍራም ገመድ በገንዳው አፍንጫ ሥር አሳልፈህ ከግራ ወደ ቀኝ እሰር። ሆዱ ሥር ሆኖ በረዶውን ይቧጥጣል፣ ያዘገየዋል። ሜዳ ስትደርስ ትፈታዋለህ። ሌላው አማራጭ ጓደኛህ ከኋላ ገመድ ይዞ ማዝገም ነው። በገደላማ ቦታ ሁለቱንም አድርጉ።

ስለምትይዘው ልብስ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ምድጃው ጭስ ብዙ የምለው ነበረኝ። እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ከፈለግህ ጻፍልኝ። ለጊዜው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሳትይዙ ያን ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታንድዱ። ባትሪው በብርድ ስለሚደክም ትርፍ ያዙ።

ስሌዱ ሲያልቅ ከሐበሻ መደብር የሚገዛውን ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት ሦስት ውሰድ። ሦስቱ አንድ ላይ 34 ኪሎ ናቸው፤ ልክ ያንተ ድርሻ። በፕላስቲክ ጠቅልለህ ጫናቸው። ከዚያ ወደዚያው መናፈሻ ሂድና ስሌዱ እግርህን በመታበት ቁልቁለት ላይ ቁም። ሳትፈጥን ውረድ፣ መሃል ላይ ድንገት ቀጥ በል። ቱቦዎቹ ሲይዙትና ዳሌህ ላይ ቀስ ብለው ሲገፉህ ይሰማሃል። ስሌዱ ሁለት ሜትር ኋላህ ይቆማል። አሥር ጊዜ ውጣና ውረድ፣ በመጨረሻም ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እያቸው። የላላ ካለ እዚያው፣ መኪናህ አጠገብ ሆነህ አጥብቀው።